የሊቀመንበር ቀኝ እግር

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ዛሬ ደግሞ ጭራሽ ዳቦ አክሏል። የፊት ቀኝ እግሩ። ትናንት ሲያነክስ አይቼ እሾህ ወግቶት ነው ብዬ አልፌው ነበር። ጠዋት በጥፍሮቹ መሃል ጣቴን አስገብቼ ፈተሽኩ። እሾህ የለም፣ ቁስል የለም፣ ንክሻ የለም። ስነካው እንኳ አልጮኸም። ዝም ብሎ አየኝ፣ «ጨረስሽ?» እንደሚል ሰው።

የውሻችን ስም ሊቀመንበር ነው። ያወጡለት አባባ ናቸው፣ የእናቴ አባት። ድሮ ከአንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ጋር ተጣልተው ነበርና «ሊቀመንበር፣ ውጣ! ሊቀመንበር፣ ቁጭ በል!» እያሉ ለመጮኽ ብለው ነው። ሰውዬው ከሰፈር ከለቀቀ ቆይቷል፣ አባባ ግን እስካሁን እያስቀመጡት ነው። እኔ ሊቄ ነው የምለው። ከእኔ በሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚያንሰው፤ በውሻ ዕድሜ ግን አባባን ሳይበልጣቸው አይቀርም።

አሁን ደስ ያላለኝን ልጻፍ። እብጠት ይሞቃል አይደል? የሱ ይቀዘቅዛል። በጣቴ ጫን ሳደርገው ጉድጓድ ሠራና እዚያው ቀረ፣ ሊጥ ላይ እንደተጫነ ጣት። ይቺን ጉድጓድ አውቃታለሁ። ባለፈው ወር አባባ እግር ላይ አይቻታለሁ። ያውም ቀኝ እግራቸው ላይ።

የአባባ እግር ከሰኔ ጀምሮ አብጦ ነበር። ሐኪሙ «ልብዎ ደክሟል» ብሎ ሽንት የሚያበዛ ነጭ ኪኒን ሰጣቸው። ኪኒኑንም ዋጡ፣ ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እየወጡ እግራቸውን ጠበል ማስነካት ጀመሩ። ሊቄ ሁልጊዜ ይከተላቸዋል። ወደ ቅጥሩ አይገባም፣ ወጉን ያውቃል። ውሃው በአጥሩ ሥር በሚወርድበት ቦይ አጠገብ ተኝቶ ይጠብቃቸዋል። ቅዳሜ ዕለት የአባባ እግር ጎድሎ ተገኘ። እማዬ እልል አለች። እሑድ ሊቄ ማነከስ ጀመረ።

ጎረቤታችን እትዬ ሽታዬ (የሰፈሩ ሐኪም፣ ዳኛና ሬዲዮ እሳቸው ናቸው) ከአጥር በላይ አንገታቸውን አስግገው አይተውት ሳይጠየቁ ፈረዱ። «ጋሼ የታጠቡበትን ውሃ ረግጦታል። ከሳቸው ወርዶ እሱ ላይ ወጣ።»

እኔ ሳቅሁ። እማዬ ግን አልሳቀችም። አባባ ደግሞ ቀስ ብለው ቀኝ እግራቸውን ከወንበሩ ሥር ሰበሰቡ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

እስካሁን የተሞከረ፦ ፌጦ (እትዬ ሽታዬ ቀቡት፣ ሊቄ ላሰውና አሥር ጊዜ አስነጠሰ)። የጨው ውሃ (ጠጣው)። የእኔ አሮጌ ካልሲ እንደ ፋሻ (በላው፣ ወይም ቀበረው፣ ብቻ የለም)። ሥጋ መሞከር አይቻልም፤ ሊቄም ሳይወድ በግዱ ፍልሰታን እየጾመ ነው።

«አባባ፣ ሐኪም ጋ ልውሰደው።»

«ተይው።»

«አብጧል እኮ!»

«ዓይን አለኝ ልጄ። አይቻለሁ። አርጅቷል፣ ተይው።»

እርስዎም አርጅተዋል፣ ማን ተወዎት? ልል ስል እማዬ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። ማእድ ቤት ድረስ ተከትዬ ገባሁና ያዝኳት።

«እንስሳ የባለቤቱን ክፉ ቀን ይቀበላል ይባላል» አለች፣ ፊቷን ወደ ድስቱ አዙራ። «አንዴ ከወጣ ወደ ወጣበት እንዳይመለስ መነካካት አያስፈልግም።»

«ማለት ሊቄ ከዳነ አባባ ይታመማሉ?»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም። ሽንኩርቱን ክተፊ።»

እዚህ ቤት ትልቅ ነገር የሚወሰነው ሁልጊዜ ማንም ሳይለው ነው። አሁን ገባኝ። ሦስቱ አዋቂዎች ሳይሰበሰቡ ተሰብስበው፣ እጅ ሳያወጡ ድምፅ ሰጥተው፣ ሊቄን በአባባ ለውጠውታል። አባባ እንዲሞቱ የምፈልግ ይመስል እኔን ደግሞ በጥርጣሬ ያዩኛል። አባባን እወዳቸዋለሁ። ግን ሊቄ ምን አደረገ?

ከሰዓት ጉሙ ከእንጦጦ ወረደ። ልጆቹ ለቡሄ ጅራፍ ይለማመዳሉ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ጧ! ይላል፣ ማን እንዳጮኸው አይታይም። ሌላ ጊዜ ሊቄ ጅራፍ ሲሰማ አልጋ ሥር ነው የሚገባው። ዛሬ ያበጠውን እግር አንጠልጥሎ በሦስቱ ቆመና፣ ጉሙ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ አፍጥጦ ጭራውን ቆላ። ለሚያውቀው ሰው እንደሚቆላው፣ በሙሉ ወገቡ።

ሄጄ አየሁ። ዛፍ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ወሰድኩት!! እማዬና አባባ ቅዳሴ ሲሄዱ ጠበቅሁ። የጾም ቅዳሴ ቶሎ አያልቅም፣ እግዚአብሔር ይስጠው።

ታክሲ አልጫነንም። «ውሻ አንጭንም» አለ ረዳቱ። «ታሟል እኮ!» ስለው «እና አምቡላንስ ጥሪለታ!» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ፣ ጥሩ ነበር። ከዚያ አጠገባችን ቤት ከሚሠሩት ሠራተኞች የሲሚንቶ ጋሪ ለመንኩ። ሊቄ ጋሪው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። በመንገዱ ሁሉ ሕዝብ እንደሚጎበኝ ባለሥልጣን ግራና ቀኝ እያየ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት። ስሙን ስነግራት «እሺ ሊቀመንበር፣ ስብሰባውን እንጀምር» አለችው። እዚያው ወደድኳት። እግሩን አገላበጠች፣ ደም ወሰደች፣ ራጅ አነሳችው። ስብራት የለም። ከዚያ ቀጭን መርፌ አስገብታ ሳበች።

«መግል ነበር የጠበቅሁት» አለች።

ውሃ ነው። ጭራሽ ቀለም የሌለው። ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው፣ አሸተተችው፣ መልሳ አየችው። መርፌው ውስጥ ማዶ ያለው ባሕር ዛፍ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ይታይ ነበር።

«ልቡ ደክሟል» አለች። «ልብ ሲደክም እግር ያብጣል። ግን አንድ እግር ብቻ…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። የተማረ ሰው ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሲቀር ያስፈራል። የደሙ ውጤት ሰኞ ይደርሳል። እስከዚያ ምንም ዓይነት መድኃኒት እንዳይሰጠው ብላ ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ።

ስመለስ ዳገቱ ላይ አንዲት እንጨት ተሸካሚ እናት ከጉሙ ወጡ። ጋሪውን ሲያዩ ጭነታቸውን ግንብ ላይ አሳረፉና መንገዱን ለቀቁልኝ። ሊቄን አይተው ጎንበስ አሉ።

«እግዜር ይማራቸው።»

ለውሻ እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም፣ ያውም በአንቱታ። «ማንን ነው እማማ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የማን እግር እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ጋሪውን በሩጫ ገፋሁት። ዳገት ላይ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ እንዲህ ሮጬ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ተያዝኩ። እትዬ ሽታዬ ዜናውን ከመዓዛው ጋር አሰራጭተውታል፦ ጋሪው፣ ሐኪሟ፣ የለበስኩት ሱሪ ሳይቀር። እማዬ አልመታችኝም፣ እሱ ይሻል ነበር። «አባቴን ነው» አለች ብቻ። «አንቺ በውሻ ትቀልጂያለሽ፣ እኔ የማጣው አባቴን ነው።» አልቀለድኩም ነበር። በሕይወቴ ያልቀለድኩበት አንድ ቀን ቢኖር ትናንት ነው።

አባባ ግን አልተቆጡም። ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«መርፌ ወጋችው?»

«አዎ።»

«ምን ወጣ?»

«ውሃ።»

«የጠራ?»

«በጣም።»

ሊቄ እንደ ልማዱ ከእግራቸው ሥር ተኝቶ ነበር። አባባ ጫማቸውን አወለቁ፣ ካልሲያቸውንም፣ ቀኝ እግራቸውን ከሊቄ ቀኝ እግር ጎን አስቀመጡት። ጨማደድ ያለ ቀጭን የሽማግሌ እግር፣ ጎኑ ላይ ጥጥ የተሞላ የሚመስል መዳፍ። ሊቄ ቀና ብሎ አንዴ አያቸው፣ ከዚያ የራሱን ትቶ የሳቸውን እግር መላስ ጀመረ።

አባባ እግራቸውን አልሳቡም። «እኔ አንሺልኝ አልኩ እንጂ» አሉ፣ ለእኔ አይደለም፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። «በማንም ላይ ጣይልኝ አላልኩም።»

የምቀልድበት ነገር ፈለግሁ። አላገኘሁም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

እግሩ ቀነሰ! ዓይኔ ያታለለኝ መስሎኝ ነበር፣ በክር ለካሁት። ቀንሷል። ማንም ምንም አላደረገለትም።

ሌላ ዜና፦ ሊቄ ሽንቱን መቆጣጠር አቅቶታል። ደረጃው ላይ፣ የእማዬ ጫማ ላይ፣ የእትዬ ሽታዬ ጎመን ላይ (ለዚህኛው ሽልማት ይገባዋል)። ውሃ ሲጠጣም ሳህኑን ሊውጠው ነው። እትዬ ሽታዬ በጎመኑ ተቆጥተው፣ ወዲያው ደግሞ ፈርተው «ሊወጣለት ነው፣ እየለቀቀው ነው» አሉ። ይህን ሲሉ ወደ ሊቄ አልነበረም የሚያዩት። ወደ አባባ ነበር።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልነገርኩም። ጎህ ሲቀድ ነቅቼ በመስኮት አየሁ። ጉሙ እስከ ደጃችን ገብቷል። አባባ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሊቄ ቤት ፊት ተንበርክከዋል። እነዚያ ጉልበቶች ለስግደት እንኳ እንቢ ካሉ ቆይተዋል። የዳቦ ቁራሽ ይዘዋል። ድምፃቸው እንዲህ ይላል፦

«ና… ና ጌታዬ። ይኼ ያንተ ነው። ያንተን ውሰድና የኔን መልስልኝ።»

ሊቄ ዳቦውን ተቀብሎ ዋጠ። አባባ መዳፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ ቆዩ። እኔ አልጋዬ ውስጥ ተመልሼ እስከ ጆሮዬ ተከናነብኩ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ሊቄ በአራቱም ቆሟል። ቀኝ እግሩ ከግራው አይለይም ማለት ይቻላል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

አባባ ለቤተ ክርስቲያን ሲነሱ ጫማቸው አልገባም አለ። ግራው ገባ። ቀኙ አልገባም። እማዬ ተንበርክካ ልታገባላቸው ስትሞክር ካልሲያቸውን ሳበችና እዚያው ቀረች። እኔ ከጀርባዋ ሆኜ አየሁ፦ ዳቦ የሚያክል። የሚያብረቀርቅ። ሄጄ ጣቴን አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው። ጉድጓዷ ቀረች።

አባባ ፈገግ አሉ። እምላለሁ፣ ፈገግ አሉ። «መጣልኝ» አሉ። ዕዳ የተመለሰለት ሰው እንኳ እንዲህ ደስ አይለውም። ቃሉን ሲሉት ግን መሃል ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። መጣ… ልኝ።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። ያው ነው፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑም ማንም ሳይለው ነው የተባለው። እትዬ ሽታዬ ከአጥሩ ማዶ አማተቡና፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አስተያየት ሳይሰጡ ወደ ቤታቸው ገቡ። ከሁሉም ያስፈራኝ ይሄ ነው።

እኔ በእነዚህ ነገሮች አላምንም። በሳይንስ ከክፍል ሁለተኛ ነኝ። ግን ቀኑን ሙሉ ሊቄን ማየት አቃተኝ። እሱም እኔን አላየኝም። በሩ ላይ ተኝቶ አባባን ብቻ ያይ ነበር፣ ሲተነፍሱ ጆሮውን እያነሳ፣ ሲያቆሙ እየጣለ። ባልወስደውስ ኖሮ? በመርፌው የወጣው ውሃ የት ሄደ? ሐኪሟ የት ደፋችው?

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም እንዳያይብኝ።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ጅል ነን። ሁላችንም። በቅደም ተከተል፦ አባባ፣ እማዬ፣ እትዬ ሽታዬ፣ እኔ። ሊቄ ብቻ ነው ከዚህ ነፃ የሆነው።

ጠዋት ሊቄ አልተነሳም። እግሩ ፍጹም ደህና ነው፣ እሱ ግን እንደ ባዶ ጆንያ ተኝቷል፣ ምላሱ ደርቋል። አፉ አጠገብ ያልዋጠው የዳቦ ቁራሽ ወድቋል። አነሳሁት። መሃሉ ላይ ግማሽ የሟሟ ነጭ ነገር አለ።

ኪኒን ነው። የአባባ የሽንት ኪኒን።

ዳቦውን ይዤ አባባ አልጋ ድረስ ሄድኩ። «ይሄ ምንድን ነው?»

አይተው ዞር አሉ። «የሱ ነው።»

«የርስዎ ነው እንጂ! ስምዎ ተጽፎበታል ሳጥኑ ላይ!»

«ስሚ» አሉ፣ ትራሱ ላይ ቀና ለማለት እየታገሉ። «በሽታዬን እሱ ከወሰደልኝ፣ መድኃኒቱን እኔ የምውጠው በምን ሕግ ነው? የታመመው እሱ፣ ኪኒኑን የምቅም እኔ? ሌብነት አይሆንም?»

የሚያናድደው፣ በራሱ መንገድ ትክክል ነው። ካመኑት አይቀር እስከ መጨረሻ የሚያምን ሰው ቤታችን ውስጥ አባባ ብቻ ናቸው። እኛ አምነን ሊቄን ትተን ቁጭ አልን። እሳቸው አምነው የራሳቸውን መድኃኒት ሰጡት።

«ከመቼ ጀምሮ አልዋጡም?»

«አንቺ ውሃው የጠራ ነው ካልሽኝ ጀምሮ።»

«አባባ፣ እግርዎ ያበጠው ስላልዋጡ ነው! የሱ የጎደለው ስለዋጠ ነው!»

«ይሁን። ታዲያ መጀመሪያ የሱ እግር ለምን አበጠ?»

ስልኬን አነሳሁ።

ሐኪሟ የሰው መጠን እንደወሰደ ስትሰማ ድምፅዋ ተለወጠ። «ውሃው ሁሉ እየወጣለት ነው፣ ልቡ ሊቆም ይችላል። ክሊኒኩን እከፍታለሁ፣ አሁኑኑ አምጪው።»

አባባ ሁሉንም ሰምተዋል፣ ስልኩ ይጮኻል። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ልገድለው ነበር?»

«ሁለታችሁንም ነበር።» አለቀስኩ መሰለኝ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ እሷም ሰምታለች። ሄዳ ኮንትራት ታክሲ ይዛ መጣች፣ ለውሻውም ለአባቷም። ሾፌሩ «ውሻ» ሊል ሲጀምር እማዬ አየችው፣ ተወው።

አባባ በአንድ ጫማና በአንድ ነጠላ ጫማ ወጡ። ክሊኒኩ ውስጥ ሊቄ እግር ላይ ግሉኮስ ሲሰካ ላስቲኩን ከፍ አድርገው የያዙት እሳቸው ናቸው። እማዬ «አባዬ፣ አሁን ወደ እርስዎ ሐኪም እንሂድ፣ ትንፋሽዎ…» ብትል ብትለምን ወይ ፍንክች። «ራሱን ሳያነሳ ከዚህ አልሄድም።» ሐኪሟ ወንበር አመጣችላቸው። እኔ እየተቆራረጠ የሚወጣውን የሳቸውን ትንፋሽና ጠብ ጠብ የሚለውን ግሉኮስ ሳዳምጥ፣ ሁለቱ አንድ ላይ መሄዳቸው አስጠላኝ።

ሊቄ ራሱን አነሳ። እማዬ አባባን ብብታቸው ሥር ገብታ ደግፋ አወጣቻቸው፣ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ሁለቱም ቤት ናቸው። ልድገመው፦ ሁለቱም ቤት ናቸው።

አባባን ሐኪሙ መርፌ ወግቶ ሌሊቱን አሳድሯቸው ነበር። ተቆጥቷቸዋል አሉ። ኪኒኑን ለማን እንደሰጡ ሲነግሩት ግን መቆጣቱን ረስቶ ነርሶቹን ጠርቶ አስደግሟቸዋል። አባባ ታሪኩን ሁለተኛ ጊዜ ሲተርኩት አሳምረውታል፣ እማዬ ናት የነገረችኝ።

የሊቄ የደም ውጤት መጣ። ኩላሊቱ ደህና ነው፣ ልቡ ግን እንደተባለው አርጅቷል። የራሱ ኪኒን ተሰጠው፣ የምስማር ራስ የምታክል። አንድ እግር ብቻ ለምን እንዳበጠ ሐኪሟን ደግሜ ጠየቅኋት። «አላውቅም፣ ሶሲ» አለች። ዓረፍተ ነገሩን በመጨረሷ ደስ አለኝ፣ መልሱ ባይሆንም።

አዲስ ሕግ፦ አባባ ኪኒናቸውን እኔ እያየሁ ይውጣሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ያሳያሉ፣ ምላሳቸውንም ያነሳሉ። «እንደ ሌባ!» ይላሉ። ሌብነቱን ያነሱት እርስዎ ነዎት፣ አልኳቸው።

እትዬ ሽታዬ ወደ አጥራቸው ተመልሰዋል። የሁለቱንም እግር ከሩቅ መረመሩና ጉንጫቸውን ያዙ። «ከጋሼም ከወጣ፣ ከውሻውም ከወጣ… ወዴት ሊሄድ ነው ታዲያ?»

«ጎመንዎ ውስጥ ነው» አልኳቸው። ገብተው በር ዘጉ። እማዬ «ባለጌ!» ብላ ሳቀች፣ ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ።

ከሰዓት ትንሽ ፀሐይ ወጣ። አባባ በረንዳ ላይ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ተኙ፣ ሊቄ ከሥራቸው። እኔ መሃላቸው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አባባ ወደ ውስጥ ሲስቡ ሊቄ ያስወጣል፣ ሊቄ ሲስብ አባባ ያስወጣሉ። ተራ በተራ፣ አንድ ትንፋሽ ለሁለት እንደሚጠቀሙ። ብዙ ጊዜ አዳመጥኩ። ከዚያ ሆን ብዬ ጮኽ ብዬ አሳልኩ።

አባባ ብንን አሉ። «ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ሁለታችሁም የየራሳችሁን ተንፍሱ።»

«አበደች» አሉና መልሰው ተኙ።

ሊቄ ግን ተነሳ። ተንገዳግዶ ወደ እኔ መጣና፣ አጠገቤ ወድቆ ያንን ቀኝ መዳፉን ቀኝ እግሬ ላይ አሳረፈ። ባዶ እግሬን ነበርኩ። መዳፉ ይቀዘቅዛል። ልስበው ነበር፣ ጣቶቼ ተሰብስበው ነበር። ቀና ብሎ አየኝ።

ተውኩት። ፀሐዩ እስኪያልፍ እንደዚያው ተቀመጥን።